ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም መግባታችን ጉርብትናን ገደለው? (ክርክር)

አወያይ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የዚህ ሳምንት መከራከሪያ ብዙዎቻችሁ ስታነሱት የከረማችሁት ጉዳይ ነው። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን ደረሰች፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በዓይናችን እያየነው ነው። በ1996 ገደማ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ዛሬ ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን፣ ቦሌ አራብሳን ሞልቷል። ልደታ ፈረሰ፣ ሰንጋ ተራ ፈረሰ፣ በቅርቡ ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ ተነሱ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከቀበሌ ቤት ወደ ጋራ ሕንፃ ስንሻገር ያገኘነው ይበልጣል ወይስ ያጣነው? ስድብ አይፈቀድም። ከቻላችሁ የኖራችሁትን ተናገሩ።

የጨርቆስ ልጅ፦
ያጣነው ይበልጣል። እኛ ግቢ በር የሚዘጋው ለመተኛት ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥተን እናታችን ገበያ ከሄደች ጎረቤት ቤት ገብተን እንቀመጣለን፤ በልታችኋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ይቀርባል፣ እንበላለን። አባቴ ሌሊት ታሞ ሲወድቅ ከግቢው መኪና ያለው ሰው አልነበረም፤ ወንዶቹ በአልጋ ተሸክመው ነው ሐኪም ቤት ያደረሱት። አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሰውዬ ማረፋቸውን ያወቅኩት ከሥራ ስመለስ መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ተተክሎ አይቼ ነው። ስማቸውንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው። አንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን ስንኖር ቆይተናል። ይህ እኔን ያሳፍረኛል፤ ሌላውንም ሊያሳፍረው ይገባል።

የኮዬዋ እናት፦
ወንድሜ፣ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን ምሳ ያበሰለችው ማን ናት? ውሃውን ከቦኖ የቀዳውስ ማን ነው? እኔ ያደግኩት ጌጃ ሰፈር ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ ጀሪካን አሰልፌ፣ ተራዬ ሳይደርስ ውሃው ሲሄድ ባዶዬን ተመልሼ፣ ትምህርት ቤት አርፍጄ የምገረፈው እኔ ነበርኩ፤ ወንድሞቼ ተኝተዋል። ሽንት ቤቱ ለግቢው ሁሉ አንድ ነው። ሴት ልጅ ሌሊት ብቻዋን ወደዚያ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ወንዶች አታውቁትም። ኩሽናው የጋራ፣ እንጨቱ እርጥብ፤ የእናቴ ዓይን ከጭሱ የተነሳ እንዳለቀሰ ኖረ። ለቅሶ ቤት ሽንኩርት የምትልጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ ወጥ የምታማስለው፣ ሊጥ የምታቦካው ሴት ናት። ወንዱ ድንኳን ከተከለ በኋላ ካርታውን ይዞ ይቀመጣል። ፍቅር ነበር፤ አልክድም። የቆመው ግን በእኛ ወገብ ላይ ነው።

አሁን ኮዬ ፈጬ ባለ አንድ መኝታ ቤት አለኝ፣ በስሜ። በዕጣው ለሴቶች 30 በመቶ ባይለይ ኖሮ አላገኘውም ነበር። ምጣዴ የኤሌክትሪክ ነው። ውሃው በፈረቃ ቢመጣም ከቧንቧዬ ነው። በሬን ከውስጥ ቆልፌ እተኛለሁ። ጎረቤቶቼን እንደ እናቴ ጎረቤቶች አላውቃቸውም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ልጄን ይዤ ወደዚያ ግቢ ተመለሺ ብትሉኝ አልመለስም።

ጡረተኛ መምህር፦
እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። የቀበሌ ቤት ስትሉ ከጥንት የነበረ ነገር ታስመስሉታላችሁ። የመጣው በሐምሌ 1967 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን። በወር ከ100 ብር በታች ይከራይ የነበረው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፣ እኔም ካገኙት አንዱ ነኝ። ይሁንና በዚያ ጥቂት ብር ቀበሌው ጣሪያ መቀየር አልቻለም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም። ጭቃው እየረገፈ፣ ቆርቆሮው እየዛገ ዓመታት አለፉ። ልጅ ሲያገባ እዚያው ግቢ አንድ ክፍል ይለጠፍለታል። ሰዉ የተጠጋጋው ተዋድዶ ብቻ አልነበረም፤ መሄጃ አጥቶም ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። 1969ንና 1970ን ያየ ሰው በር ክፍት መሆኑ ሁልጊዜ ደግ ነገር እንዳልነበረ ያውቃል። ማታ ማን ገባ፣ ማን እንግዳ አሳደረ፣ ማን ወረቀት ደበቀ፣ ይህን ሁሉ ቀበሌው የሚሰማው ከጎረቤት ነበር። አብዮት ጥበቃውም የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ጎረቤቱን ቆጥ ላይ ደብቆ ያዳነ አለ፤ አሳልፎ የሰጠም አለ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ስለ ጉርብትና ስናወራ ይህን ከታሪኩ ቆርጠን አንጣለው።

የጨርቆስ ልጅ፦
መምህር፣ ያሉትን እቀበላለሁ። አባቴም ስለዚያ ዘመን ሲነሳ ዝም ይል ነበር። እህቴም ስለ ቦኖው የጻፍሽው እውነት ነው፤ ታላቅ እህቴ ብታነበው የራሷን ታሪክ ትለዋለች። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቧንቧ ለማስገባት ሰፈሩን ማፍረስ ግድ ነበር? ቧንቧው፣ ሽንት ቤቱ፣ ኤሌክትሪኩ እዚያው ጨርቆስ ድረስ ሊመጣልን አይችልም ነበር? ምቾትንና ጎረቤትን አንዱን ምረጡ የተባልን ያህል አድርገን ስንከራከር ያሳዝነኛል።

መሐንዲስ፦
በከፊል ይቻል ነበር። በደርግ ዘመን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የቀበሌ ቤቶችን እዚያው የማሻሻል ሥራ በረድኤት ድርጅት ተሞክሯል፤ ሽንት ቤት፣ የውሃ መውረጃ፣ የእግር መንገድ ተሠርቷል። የማይቻለው ሌላው ነው። መሐል ከተማ ውድ መሬት ላይ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ባለ አንድ ወለል ቤት ተደርድሮ እሳት አደጋ መኪና የማያስገባ መንገድ ይዞ፣ የሕዝቡ ቁጥር እጥፍ ሲሆን፣ ወደ ላይ ከመሥራት ውጪ መውጫ የለም። ጥፋቱ ፎቅ መሠራቱ አይደለም፤ አሠራሩና አሰጣጡ ነው።

ልዘርዝረው። አብዛኛው ሕንፃ ከምድር ወለሉ በላይ አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሰፋፊዎቹ ሳይቶች ከመሐል ከተማ በጣም ርቀዋል። ኮዬ ወይም አራብሳ የሚኖር ሠራተኛ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ ይቆማል፤ ማታ ሲመለስ ጎረቤቱን ሰላም ለማለት እንኳ አቅም የለውም። ግድግዳው ሳይሆን መንገዱ ነው ጉርብትናውን የበላው። በግ ለማረድ፣ በርበሬ ለማስጣት፣ እንጀራ ለመጋገር ተብሎ በየሳይቱ የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቶ ነበር፤ ስንቱ ዛሬ ሱቅ ሆኖ ተከራይቷል? በአዋጅ 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነው ሁሉ የቤቶቹ ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። ማኅበሩ ተሰብስቦ መልሱልን ማለት ይችላል።

የእድር ጸሐፊ፦
በድሮው ልደታ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ፤ አሁንም ጀሞ ላይ እጽፋለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው ያለው። ልደታ ሲፈርስ የሚደርሰን ቤት በዕጣ ስለነበር አንድ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ሚኪሊላንድ ገባ። አሮጊቷ የነፍስ አባታቸውንም፣ የቡና ጓደኛቸውንም፣ ዱቤ የሚሰጣቸውን ባለሱቅም በአንድ ቀን አጡ። ብዙዎቹ ዓመታት ሙሉ መዋጮውን ለድሮው እድር መክፈል አላቆሙም፤ አዲሱ ሰፈር ማን ይቀብረኛል ብለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ጭኖ ከተማ ማቋረጥ የእኛ ሥራ ሆነ። ሦስት ቀን ቁርስ ምሳ እራት የሚያቀርብ ግን ከሌላ ሰፈር ተመላልሶ አይቻለውም። ቀስ በቀስ ጉልበቱ ቀረና ገንዘቡ ብቻ ቆየ።

ድሮ ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ዞሮ "እገሌ አርፏል" ሲል ሁሉም ይወጣል፣ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። አሁን በቴሌግራም ይለጠፋል፣ መዋጮው በቴሌብር ይገባል። እኔ ይህን አልጠላውም። ጀሞ ላይ ያለው እድራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት ነው፤ ድስቱ ለየብቻ፣ ዕርዱም ለየብቻ፣ ለቅሶው የጋራ። ግን ስንመሠርተው ሰዉ አይተዋወቅም ነበርና የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ላይ የሚናገረው ጥቂት ሰው ነበር።

የጨርቆሱ ወንድሜ ተስፋ እንዳይቆርጥ አንድ ነገር ልንገረው። እድርን ያመጡት ከየአገሩ ተነስተው አዲስ አበባ የገቡ፣ የሚቀብራቸው ዘመድ አጠገባቸው ያልነበረ ሰዎች ናቸው። ሲጀምሩ እነሱም እርስ በርስ እንግዶች ነበሩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያንም እድር አለን። በመኪና ተራርቀን ነው የምንኖረው። ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት መላኩ ብዙ ዶላር ስለሚጠይቅ እድሩን አጥብቀን ያዝነው። ርቀት አይገድለውም፤ ከባድ ያደርገዋል እንጂ።

የጉሊት ልጅ፦
ስለ ለቅሶ ብዙ አላችሁ፤ ስለ እንጀራስ? እናቴ ካዛንቺስ ከበራችን ላይ ተቀምጣ ቆሎና ድንች ትሸጥ ነበር። ኪራይ የማይከፈልበት ሱቅ ማለት ያ ደፍ ነበር። አጠገቧ አረቄ የምትሸጥ፣ ከእሷ ቀጥሎ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክብ፣ ጫማ የሚሰፋ አለ። ደንበኛ ከየቢሮው ነው የሚመጣው። እኛ ስንነሳ ብዙ ጎረቤቶቻችን ገላን ጉራ አንድ ላይ ገባን፤ ለዚህ አመሰግናለሁ፣ የልደታው ዓይነት መበተን አልደረሰብንም። ቤቱም ንጹሕ ነው። ግን የእናቴ ገዢዎች ካዛንቺስ ቀርተዋል። ገላን ጉራ የሚያልፍ የቢሮ ሠራተኛ የለም፤ ጎረቤቶቿም እንደሷው ሻጮች ናቸው። ለማን ትሽጥ? ጎረቤት ይዞ መሄድ ይቻላል፤ የሚገዛውን መንገደኛ ይዞ መሄድ አይቻልም። ስለ ኑሮ መለወጥ ስንናገር የድሃ ሴት ገበያ ከበሯ ላይ እንደነበረ አንርሳ።

የኮዬዋ እናት፦
የጉሊት ልጅ፣ ያልሽው ጎድቶኛል። እኔ በሬን መቆለፌን እንደ ትልቅ ነገር ሳነሳ እናትሽ በሩ ክፍት ካልሆነ የማትበላ መሆኗን አላሰብኩም ነበር። እኛ ሳይትም እንጀራ እየጋገሩ የሚያስረክቡ ሴቶች ነበሩ፤ ቆጣሪው አልችል አለ፣ ጎረቤትም በጭሱ ተጣላቸው፣ ተዉት። የጋራ መገልገያ ቤቱ መጀመሪያ የታሰበው ለእነሱ ነበር እኮ።

ነርሷ፦
በሙያዬ በኩል ላለው ልናገር። በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ወደ 67 ወርዷል። ይህን ያመጣው ፎቅ አይደለም። ክትባቱ፣ ከ1995 ጀምሮ በየቤቱ የገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእናቶች መማር፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሁሉም አለበት። የድሮውን ሰፈር ፍቅር ስታስቡ ግን የዚያን ዘመን እናት ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱን እንደቀበረች አብራችሁ አስቡ። ጎረቤቷ አብራት ታለቅስ ነበር፤ ልጇን ግን አላዳነላትም። የጋራ ሽንት ቤትና ክፍት ቦይ ያለበት ሰፈር አተት ሲገባ እንዴት እንደሚዛመት እኛ የጤና ሰዎች እናውቀዋለን።

አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን ልናገር። ቤት ለቤት ስሄድ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አረጋውያን አገኛለሁ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጉልበት ሕመም አለባቸው። አንድ ጊዜ ከወረዱ መውጣቱ ስለሚከብዳቸው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ቀርተዋል። ልጆቻቸው ሥራ ውለው ማታ ይመጣሉ። ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን በስተቀር የሚያናግራቸው የለም። መድኃኒታቸውን የሚያስታውሳቸው ሰው ስለሌለ ያቋርጡታል። ድሮ ግቢ ውስጥ ቢሆኑ "ዛሬ ኪኒንሽን ወስደሻል?" የሚል አንድ ጎረቤት አይጠፋም ነበር። ይህ እንደ ክትባት ሁሉ የጤና ጉዳይ ነው። ሽማግሌና አሮጊት ያለበት ቤተሰብ ለምን ምድር ቤት አይሰጠውም?

መሐንዲስ፦
ለአካል ጉዳተኞች ምድር ቤት ቅድሚያ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ለአረጋውያንም ማስፋት ይቻላል። ጎረቤቶች ተሰባስበው ባንድ ላይ ዕጣ ያውጡ የሚል ሐሳብ ቢነሳ ግን እፈራዋለሁ። ሐምሌ 2014 የ14ኛው ዙር ዕጣ መረጃው ተጭበርብሮ ተገኝቶ እንደተሰረዘ ታስታውሳላችሁ። ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ፣ ኋላም በ20/80 (20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪው በባንክ ብድር በሚከፈልበት ፕሮግራም) በየወሩ እየቆጠበ የጠበቀ ሰው ዓይኑ ላይ ያለው ዕጣው ብቻ ነው። "እኛ አንድ ሰፈር ነን" የሚል ቡድን አስገባችሁ ማለት ለማን ቡድን ይሁን የሚል አዲስ በር ተከፈተ ማለት ነው።

የጨርቆስ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ለተመዝጋቢው ዕጣ ይሁን፣ ልክ ነህ። ከሰፈሩ በልማት የሚነሳው ግን ዕጣ አልጠየቀም፤ ኑሮውን ነው የተነጠቀው። እሱን ከነጎረቤቱ አንድ ብሎክ ማስገባት ማንንም አያጭበረብርም። ገላን ጉራ ላይ ተደርጓል ተብሏል እኮ እዚሁ።

ተከራይ፦
ከላይ ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩ። አንድም ሰው እኛን አላነሳም። ዕጣ የወጣለት ብዙ ሰው የባንኩን ዕዳ ስለማይችለው ወይም ቤቱ ስለሚርቀው አከራይቶታል። እናንተ "ጎረቤቴን አላውቀውም" የምትሉት ያ ጎረቤት ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። ጀሞ ነበርኩ፣ ኪራይ ሲጨመር ሰሚት ገባሁ፣ አሁን አራብሳ ነኝ። የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ድምፅ የለኝም፤ አባልነቱ የባለቤቱ ነው። እድር ልመዝገብ ስል መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ትቆያለህ ወይ?" ብለው ነው። ምን ልበል? መጠየቅ ያለባቸው አከራዬን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ቡና ጠጡ ብዬ ብጠራ ልጆቼ ከልጆቻችሁ ጋር ተላምደው በዓመቱ ልናለያያቸው ነው፤ ይህን ፈርቼ የተውኩበት ጊዜ አለ። አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን ይላል። ያ በትክክል ከተፈጸመ ስለ ጉርብትና ከምናወራው ሁሉ ይበልጥ ጎረቤት ያደርገናል። ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚዛመደው ሲቆይ ነው።

የእድር ጸሐፊ፦
ልጄ፣ አነበብኩህ። የእኛም ደንብ ውስጥ "ተከራይ በባለቤቱ ዋስትና ይመዘገባል" የሚል አንቀጽ አለ፤ ባለቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም፤ ስለዚህ ተከራይ አይመዘገብም ማለት ነው። ያስገባነው ሰው መዋጮ ሳይከፍል እንዳይጠፋብን ፈርተን ነው።

ተከራይ፦
ቀበሌ ስንለቅ መሸኛ ይጽፍልን ነበር አይደል? እድርም መሸኛ ቢጽፍ ምናለ? ጀሞ ሳለሁ የከፈልኩት ተጽፎልኝ አራብሳ ባለው እድር ከአዲስ ገቢ ተለይቼ ብገባ፣ እንደገና የመግቢያ ገንዘብ ባልጠየቅ፣ "ከተመዘገብክ ጥቂት ወር ካልሞላህ አንቀብርህም" ባልባል።

ጡረተኛ መምህር፦
ይህ የሚሠራ ሐሳብ ነው። የሚያጣላው ገንዘቡ ይሆናል፦ ጀሞ የተጠራቀመውን ለአራብሳ ያስተላልፋል ወይስ መሸኛው ወረቀት ብቻ ነው?

የእድር ጸሐፊ፦
ወረቀት ብቻ ይበቃል እላለሁ፤ ጀሞ የእነሱን መጪ ሲቀበል ይካካሳል። የጋራ ድንኳን የሚዋዋሱ ሦስት እድሮች አሉን፤ መጀመሪያ በእኛ መካከል እንሞክረው። ለጠቅላላ ጉባኤው አጀንዳ እጽፋለሁ፤ የኮዬዋ እህታችን ካነሳችው ተነስቼም በለቅሶ ቤት ሥራ ወንዶች ተራ ይግቡ የሚለውን አብሬ አስገባለሁ። ተቃውሞ ያለው ከአሁኑ ይጻፍልኝ።